ከወይዘሮ ቆንጥር ጋር የተነሳሁት ፎቶ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ሁሉም ነገር ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ሙሉ ታሪኩን ለማውራት ግን ይኸው ዓመት ወሰደብኝ።

ነርስ ነኝ። ሞጣ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ እሠራለሁ። እንደ ጓደኞቼ ሁሉ እኔም ስልክ ላይ ብዙ እቆያለሁ። ያን ሰሞን ደግሞ ወይዘሮ ቆንጥር የምትባል የቲክቶክ ሰው ነበረች፤ አንድም ቪዲዮዋ አያመልጠኝም። የቢቸና ሴት ናት። ሥራዋ ባሏን መሳደብ ነው። ነጠላዋን አገጯ ሥር ቋጥራ፣ ግንባሯን አኮሳትራ፣ "አንተን ከማግባት ለአህያ ጭድ ሳቀርብ ብኖር ይሻለኝ ነበር! አህያስ ሲጠግብ ያናፋል፤ አንተ ግን ዝም!" ትላለች። ባልየው አይታይም፤ ድምፁም አይሰማም። ክሊኒካችን ውስጥ ስንቀላለድ እንኳ በእሷ አነጋገር ነበር።

ዕለቱ የገበያ ቀን ነው። ዘጠኝ ሰዓት ግድም በሩ ተበረገደና አንዲት ሴት አንድ ሰውዬ ደግፋ ገባች። የሰውዬው ትከሻ ከፍ ዝቅ ይላል። እኔ ግን ያየሁት ሴትዮዋን ነው።

"ወይዘሮ ቆንጥር! አንቺ ነሽ እንዴ?" አልኩ።

የእናቴ እኩያ የሆነችን ሴት "አንቺ" ማለቴ ያን ጊዜ አልታወቀኝም። በስልክ ለምጃታለሁ።

ሰውዬውን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። እኔ ስልኬን አውጥቼ አጠገቧ ቆምኩ። "አንዴ ብቻ!" አልኳት። ቀና ብላ ሳቀች፤ ጥርሷ ሁሉ ታየ። የመጀመሪያው ስለደበዘዘብኝ ሌላ ደገምኩ። ከዚያ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ፣

"የኔ ልጅ፣ አሁን እሱን ታይልኛለሽ?" አለችኝ።

ዞር ስል የሰውዬው ከንፈር ጠቁሯል። አስም ነው። ሐኪሙን ተጣርቼ ኦክስጅን አደረግንለት፤ በጭምብል የሚሳበውን መድኃኒት ሰጠነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ትንፋሹ ተመለሰ። ሰውዬው ባሏ ነው፤ ዘመድ ጥየቃ መጥተው የመንገዱ አቧራ ቀስቅሶበት ኖሯል። መድኃኒቱን አስይዘን ሸኘናቸው። ሴትዮዋ ስትወጣ ሁለት ጊዜ አመሰገነችኝ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ምንኛ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ከሥራ ስወጣ ፎቶውን ለጠፍኩት። ከፎቶው ጥግ ላይ ሰውዬው ደረቱን ይዞ፣ አፉን ከፍቶ፣ አየር ሲፈልግ እንደሚታይ ልብ አላልኩም።

ሌላው ሰው ግን ልብ ብሏል። በማግስቱ ባሏን የሚያውቁ ሰዎች ሰውዬውን በቀይ እያከበቡ ይቀባበሉት ጀመር። "ባሏ እያጣጣረ እሷ ትስቃለች።" "የተመኘችው ደረሰላት።" "ለካ ስድቡ የምር ኖሯል።" ወዲያው አጠፋሁት፤ ምን ዋጋ አለው፣ ከእጄ ወጥቷል። የሚገርመው እኔም ከጎኗ እስቃለሁ፣ ጋውኔን እንደለበስኩ። እኔን ግን አንድም ሰው አልተናገረኝም።

ሳምንቱን ሙሉ እህል አልበላ አለኝ። በመጨረሻ ፈቃድ ጠይቄ ወደ ቢቸና ተሳፈርኩ። መናኸሪያው አጠገብ አንዱን ባለ ባጃጅ ቤታቸውን ብጠይቀው፣ "ያቺ በባሏ ሞት የምትስቀው?" አለኝ። ገባሁና "አድርሰኝ" አልኩት።

ልብስ ሰፊዎች ናቸው። ባልየው የስፌት መኪናቸው ላይ ተቀምጠው ይሰፋሉ፤ ወይዘሮ ቆንጥር ከጎናቸው ቁልፍ ይተክላሉ። እውነተኛ ስማቸው እትዬ አንጓች ነው፤ ባላቸው ጋሽ ልየው። ገና አፌን ሳልከፍት እትዬ አንጓች አወቁኝ። ድምፃቸው ከስልኩ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም፤ ለመስማት ጠጋ ማለት ያስፈልጋል።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ። እንዲሰድቡኝ ነበር የጠበቅኩት። ጋሽ ልየው ግን ሳቅ ብለው፣

"ስድቡን የምጽፈው እኮ እኔ ነኝ" አሉ። "የአህያውንም ጭድ እኔ ነኝ ያመጣሁት። እሷ ለራሷ ሰው መስደብ አታውቅም። ስልኩን ስለምይዝ ነው የማልታየው።"

ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አሁን ግን ትታዋለች። ከቤትም አትወጣም። ገበያ እንኳ ጎረቤት ነው የሚገዛላት።"

"እትዬ፣ ያን ጊዜ ለምን 'ዞር በይ' አላሉኝም?" አልኳቸው። "ለምን ሳቁልኝ?"

መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰክተው አዩኝ።

"ፈርቼሽ ነው" አሉ። "ሰው ፎቶ ስከለክለው ይቀየመኛል። አንቺ ከተቀየምሽ ልየውን ማን ያይልኛል? ቶሎ ልሳቅላትና ቶሎ ትጨርስ ብዬ ነው።"

ወደ ባላቸው ዞሬ፣ "ጋሽ ልየው፣ ስልክዎን ያምጡና ይቅረጹኝ" አልኩ።

"ሥራሽስ?" አሉኝ።

"ይሁን" አልኳቸው።

የሆነውን አንድ በአንድ ተናገርኩ። በሽተኛ ፊቴ እያለ ፎቶ ያነሳሁት እኔ መሆኔን፣ አንድ አልበቃኝ ብሎ ሁለት ማንሳቴን፣ እሳቸው የሳቁት እኔን ፈርተው መሆኑን። ሳላቋርጥ ጨረስኩ። እዚያው በገጻቸው ላይ ለጠፉት።

የክሊኒኩ ባለቤት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ፤ አልተከራከርኩም። ለብዙ ቀን የማላውቃቸው ሰዎች ሰደቡኝ። እናቴ ሰምታ ስልክ ላይ አለቀሰች። ያም ሆኖ የእኔን ቃል ያየው ሰው ፎቶውን ካየው ጋር አይተካከልም፤ አሁንም አልፎ አልፎ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ብቅ ይላል። ደግነቱ ቢቸናዎች ሰምተውታል። ከወር በኋላ ጋሽ ልየው ደውለው፣ "ገበያ ወጣች እኮ!" አሉኝ። ቪዲዮውንም እንደገና ጀምረዋል።

እትዬ አንጓች ይቅር ብለውኛል። ለበዓል እንደዋወላለን። ሥራዬንም እንደ ድሮው እሠራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ተለውጦብኛል። አስታማሚ ገና ሲያየኝ ፈገግ ሲልልኝ፣ እንደ ድሮው ደስ አይለኝም። ምን ፈርቶ ይሆን እላለሁ።