አያልነሽ ያላየችው ወንዝ

የኢትዮጵያ ሚሊኒየም በተከበረበት ዓመት፣ በሰው አገር ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር ምግብ ቤት የነበራት አያልነሽ ልጇ ብሩክታዊት በምትማርበት ትምህርት ቤት ኮንሰርት ላይ ተጋበዘች። ብሩክታዊት ቼሎ ትጫወታለች፤ እንደ ቫዮሊን ያለ፣ ግን ተቀምጠው ጉልበት መሀል አቁመው የሚጫወቱት ትልቅ መሣሪያ ነው። ልጅቱ እንዳስረዳቻት ሙዚቃው የአንድ ወንዝ ታሪክ ነው፤ ከተራራ ይነሣል፣ ሠርግ ቤት አጠገብ ያልፋል፣ ዶፍ ይወርድበታል፣ መጨረሻ ባሕር ይገባል። ዘፋኝ የለውም። ታዲያ ቃል ከሌለው ሠርጉ በምን ይታወቃል ብትላት፣ ዝም ብለሽ ስሚው፣ ይታይሻል አለቻት።

ልጇ የሰጠቻትን የሙዚቃውን ሲዲ ወጥ ቤት ውስጥ እየከፈተች ሰማችው። ምንም አልታያት አለ። ወጥ ሠሪዋ እንኳ ሽንኩርት እየከተፈች «አሁን ዘነበ» ማለት ስትጀምር ጭራሽ በሸቀች።

ቅዳሜ ከሰዓት ምግብ ቤቱን ዘግታ ጊጊሪ ሰፈር ወዳለው የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሄደች። አስተማሪው በፈጣን እንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ አልገባትም። ሙዚቃው ሲጀመር አጠገቧ ያሉት ወላጆች ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሷም ጨፍና ወንዙን ፈለገች። የመጣባት ግን የአባቷ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነው፤ በዝናብ ዳገት ሲወጣ፣ ሲያቃስት፣ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ሰው ሲገፋው። ከሐሳቧ አባረረችው። ተመልሶ መጣ።

ሲወጡ ብሩክታዊት ምን እንዳየች ጠየቀቻት።

«ወንዙ ግሩም ነበር፤ በተለይ ዝናቡ።»

«ማሚ፣ ወንዙን እኮ አልተጫወትንም። አብሮን የሚጫወተው ኢዮኤል ስላመመው ቲቸር ፕሮግራሙን ቼንጅ አደረገው። ተናግሯል እኮ።»

«የዛሬውስ የምን ታሪክ ነው?»

«ታሪክ የለውም። ጀስት ሙዚቃ ነው።»

ያየችውን መኪና አባርራ ስላላየችው ወንዝ መዋሸቷ አያልነሽን አናደዳት። ታክሲያቸው ሞምባሳ ሮድ ላይ የመኪና ጃም ውስጥ ገብቶ ሲቆም፣ እንደማኩረፍ ብላ የመኪናውን ነገር ነገረቻት። ብሩክታዊት አልሳቀችም። መኪናው የሙዚቃው የትኛው ቦታ ላይ እንደቆመ ማወቅ ፈለገች። አያልነሽ ልታንጎራጉርላት ሞከረች፤ ከአፏ የወጣው ሌላ ነገር ነው። ልጅቱ በተራዋ አንዱን ዜማ አዜመች።

«ይሄ ነው?»

«አይደለም።»

ሌላ አዜመች። እሱም አይደለም። ሳውዝ ሲ እስኪደርሱ ፈለጉት፣ አላገኙትም። ዳገቱ ለአያልነሽ ቁልጭ ብሎ ይታያታል፤ ድምፁ ግን የለም። ከታክሲው ስትወርድ በሩን ከሚገባው በላይ ጠርቅማ ዘጋችው።