ቀይ ክር ያለበት መጥበሻ፦ ከእስቴ እስከ ንፋስ መውጫ ፈጣን ምግብ ስቀምስ

ልጄ ትርንጎ የቤቴን የፊት ክፍል ስጪኝ እያለች ስትጨቀጭቀኝ ከረመች። ክፍሏ በመካነ ኢየሱስ ከተማ፣ እኛ እስቴ በምንላት፣ ከዋናው መንገድ ዳር ናት። አንድ ልብስ ሰፊ ተከራይቷታል፤ እኔም በኪራዩ እኖራለሁ። ትርንጎ ልብስ ሰፊውን አስወጥታ በርገርና ቺፕስ ልትሸጥባት ፈለገች። ስልኳን ከፍታ ንፋስ መውጫ ያለ አንድ ፈጣን ምግብ ቤት አሳየችኝ። ሰው ተሰልፏል፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ አንዲት አስተናጋጅ ሳህን ይዛ ትስቃለች። ከኋላ ነጠላዋን አጣፍታ የቆመችውን የቤቱን ባለቤት ልጄ አላወቀቻትም። እኔ አወቅኋት።

«በዚህ ኑሮ ውድነት ሰው ለበርገር ይከፍላል?» አልኳት።

«ይከፍላል እንጂ እማዬ! ቶሎ ይደርሳል፣ ያጠግባል፣ ሌላ ምን ይፈልጋል?»

«እንግዲያው ሄጄ በልቼ ልየው። የሚከፈልበትን ያህል ከሆነ ክፍሏን ውሰጂ። ካልሆነ ልብስ ሰፊው ይቀመጥልኝ።»

ለጉዞ የተነሳሁበት ምክንያት ይህ ነው። ሁለተኛውን ለልጄ አልነገርኳትም፤ አንባቢ ግን መሀል ላይ ግራ እንዳይጋባ ከወዲሁ ልናገር።

ንፋስ መውጫ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ ለብዙ ዓመታት ምግብ ቤት ነበረኝ። ደንበኞቼ ሾፌሮች፣ ከነሱም ይልቅ የድጓ ማስመስከሪያ ወደሆነችው ወደ ጋይንቷ ቤተ ልሔም የሚሄዱና የሚመለሱ ካህናት ነበሩ። ሁለት መጥበሻ ነበረኝ፤ አንዱ ለፍስክ፣ አንዱ ለጾም። እንዳይምታታብን የጾሙን እጀታ ከመቀነቴ ጥለት በመዘዝኩት ቀይ ክር እጠመጥመው ነበር። ክሩ ሲነትብ የምትቀይረው ማዕድ ቤት አብራኝ የምትሠራው ባልንጀራዬ ነበረች። ይቺው ባልንጀራዬ ከኔ ወጥታ ከመንገዱ ማዶ የራሷን ቤት በከፈተች ሰሞን በኔ ላይ ወሬ ተነሳ፤ «እሷ እኮ የጾሙን ድንች በፍስኩ መጥበሻ ነው የምትጠብሰው!» ተባለ። ቤቷ ቆሻሻ ነው የተባለች ሴት ታጥባለች፤ ውድ ነው የተባለች ዋጋ ትቀንሳለች። ካህን አስገደፈች የተባለች ግን በሯን ከመዝጋት በቀር የምታደርገው የላትም። ዘጋሁ። ልጄን አዝዬ እስቴ ገባሁ። ወሬው ከማን አፍ እንደወጣ አውቃለሁ፤ የሴትዮዋን ስም ግን እዚህ አልጽፍም። ንፋስ መውጫ የሚኖር ሁሉ ያውቃታል።

ሐሙስ፣ ወገዳ

መንገዱ ክፍት ነው በተባለበት ሳምንት፣ ሐሙስ ማለዳ ተነሳሁ። እስከ ወገዳ ሦስት መቶ ብር ከፈልኩ። ሾፌሩ ለሽበቴ ሲል የፊቱን ወንበር ሰጠኝ፤ በየጉድጓዱ ጭንቅላቴ ከጣሪያው ጋር ሲላተም ግን ከኋላ ያሉትን ቀናሁባቸው። የገብሱ አዝመራ ተነስቷል፤ በየአውድማው በሬዎች ይሄዳሉ። ወገዳ ስንደርስ አቧራው ነጠላዬን ቡናማ አድርጎት ነበር።

የስማዳ ዋና ከተማ ወገዳ አሁን አንድ በርገር ቤት አላት። በሩ ላይ የተሳለው በርገር የሰው ጭንቅላት ያክላል። ባለቤቱ ቆብ ያደረገ ጎልማሳ ነው።

«ስንት ነው?» አልኩት።

«ከነቺፕሱ ሦስት መቶ ሃምሳ፤ ቅድሚያ ነው የሚከፈለው እማማ።»

«ሳልበላ?»

«ፈጣን ምግብ ነዋ!»

ከፈልኩ። ወዲያው መብራት ጠፋ። ከሰል እስኪቀጣጠል ተጠበቀ። ከዚያ ዳቦው ማለቁ ታወቀና ባለቤቱ ራሱ ወደ ዳቦ ቤት ሄደ። በዚያ ቤት ፈጣን ሆኖ ያየሁት ገንዘብ አቀባበሉን ብቻ ነው። በመጨረሻ የመጣልኝ በርገር በሩ ላይ የተሳለውን አይመስልም። ሥጋው ከመሳሳቱ የተነሳ ቲማቲሙ ይበልጠዋል። ጨው ግን አልጎደለውም። አጠገቡ ያለው ቤት ሽሮ በመቶ ሃያ ብር ይሸጣል፤ እንጀራም ይጨምራል።

ከፊቴ አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት አንድ በርገር ለሁለት ይዘው ተቀምጠዋል። ወሬኛ ባልሆንም ሥራዬ ነውና ጠየቅኋቸው፤ «ልጆቼ፣ በዚህ ብር ሁለታችሁም ሽሮ አትበሉም ነበር?»

ወጣቱ አፈረ። እሷ ሳቀች። «ሽሮ ቤቱ የአክስቱ ነው እማማ። እዚያ ከገባን ማታውኑ እናቴ ትሰማለች።»

«ታዲያ የምትከፍሉት ለምግቡ አይደለማ።»

«ለወንበሩ ነው» አለችኝ፣ ቺፕሷን እያነሳች።

ከዚያች ልጅ የተማርኩት ከበርገሩ የበለጠ ነው። ለመውጣት ስነሳ ባለቤቱን ረቡዕና አርብ ምን እንደሚሠራ ጠየቅኩት። «ዘግተን እንተኛለን። ዐቢይ ጾም ሲገባማ እርሻ እወርዳለሁ» አለኝ። የዓመቱን እኩሌታ ተዘግቶ የሚከርም ቤት የእናትን ክፍል አያስለቅቅም አልኩ በልቤ። ልብስ ሰፊው ጾም የለበትም።

አርብ፣ አርብ ገበያ

በማግስቱ በጠዋት ወደ ታች ጋይንት ተሻገርኩ። አርብ ገበያ በስሟ ቀን ሞልታ ጠበቀችኝ። ሚኒባሳችን ጤፍና ባቄላ በጫኑ አህዮች መሀል ቆመ፤ ሾፌሩ ጡሩምባውን ቢነፋም የሚሰማው አላገኘም። ወርጄ ዞር ዞር አልኩ። አንዲት ሴት የባቄላና የስንዴ ንፍሮ በስኒ እየሰፈረች ትሸጣለች፤ ስኒው ሃያ ብር ነው። መጠበቅ የለም፣ መብራት አይጠፋባትም።

«እናታለም ቅመሽ፣ ጨዋታ አይደለም!» አለችኝ።

«ጾም ነኝ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት።»

«እንግዲያ ቋጥሪው። ንፍሮዬ እንደ በርገር አይደለም፣ ሲበርድ ዘይት አያለቅስም።»

ጎረቤቷ ያለችው ቃሪያ ሻጭ እየሳቀች አከለች፤ «በርገር የት በልተሽ ታውቂያለሽ አንቺ?»

«ልጄ ደብረ ታቦር በልቶ ተርቦ መጥቷል። እሱ አይበቃኝም?»

ሁለት ስኒ ገዝቼ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት።

ከአርብ ገበያ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን ሚኒባሱ ቆመና አንድ ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ ተሳፈሩ። ከቤተ ልሔም የመጡ የድጓ መምህር ናቸው። ድምፃቸውን ሲያሰሙ አወቅኋቸው። በኔ ቤት ከነተማሪዎቻቸው ለዓመታት በልተዋል፤ ወሬው በተነሳ ማግስት ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ቤት መጀመሪያ የተሻገሩት እሳቸው ነበሩ። እሳቸው ከተሻገሩ በኋላ ማን ይቀራል?

አጠገቤ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«የመናኸሪያዋ ባለ ምግብ ቤት አይደለሽም?»

«ነበርኩ፣ የኔታ።»

«ወዴት ነሽ?»

«ንፋስ መውጫ። ምግብ ልቀምስ።»

ከዚህ በላይ አልጠየቁኝም። እስከ ከተማው ድረስ መቁጠሪያቸውን ሲቆጥሩ፣ እኔ ቋጠሮዬን ይዤ ደረስን።

አርብ ከሰዓት፣ ንፋስ መውጫ

ንፋስ መውጫ ስሟን አልለወጠችም፤ ስወርድ ንፋሱ ነጠላዬን ከራሴ ላይ ገፈፈው። የቀድሞ ቤቴ አሁን የስልክ ዕቃ መሸጫ ሆኗል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ደግሞ ትርንጎ በስልኳ ያሳየችኝ ቤት ነው። ቀይ የፕላስቲክ ወንበር፣ የሚበራ ማስታወቂያ፣ ከፊት ለፊት ተሰልፈው የሚጠብቁ ባጃጆች። የኔታም የሚቀጥሉበት መኪና እስኪሞላ እህል ሊቀምሱ ወደዚያው አመሩ። ተከትያቸው ገባሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሞልቷል፤ አስተናጋጇ መጣች።

«እማማ፣ ጾም ነው ፍስክ?»

«አርብ ነው ልጄ።»

«አይ፣ ፍስክም የሚጠይቁን ስላሉ ነው። የጾም ቺፕስ አለ፣ መቶ ሠላሳ። እርጥብም አለ፣ ሰባ ብር፤ ዳቦ ውስጥ ድንች በአዋዜ።»

የኔታ ገና ሳይቀመጡ ጠየቁ፤ «መጥበሻውስ?»

ልጅቷ ማዕድ ቤት ገብታ መጥበሻውን ከነዘይቱ ይዛ ወጣች። «ይኸው የኔታ! የጾሙ ለብቻው ነው። እጀታው ላይ ቀይ ክር አለው፣ አዩት? ፍስክ ነክቶት አያውቅም።»

አየሁት። ክሩ አዲስ ነው። አጠማጠሙ ግን የኔ ነው፤ ሦስት ዙር ታስሮ ጫፉ ወደ ውስጥ የተሸጎጠ።

«ማን ነው ያሰረው?» አልኳት።

«እቴቴ ናቸው፣ የቤቱ ባለቤት። ከድሮ ጀምሮ እንደዚህ ነው የምናስረው ይላሉ።»

ልጅቷ ቺፕሱን ለሁለታችንም አመጣች፤ ሂሳቤን ከፍዬ መቅመስ ጀመርኩ። ንፍሮዬን ፈትቼ ለየኔታ ዘረጋሁላቸው። አልወሰዱም። እጄን ሳይሆን ፊቴን ያዩ ነበር።

«ምነው ክሩን እንዲያ አየሽው?»

«ያኔም ነበረ፣ የኔታ።»

«የት?»

«የእርስዎ ምግብ በሚጠበስበት መጥበሻ ላይ። ክሩን የምትቀይረውም ይቺው የዛሬዋ እቴቴ ነበረች።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«የጠየቀኝ የለም። እርስዎ ዛሬ ሳይቀመጡ ጠየቁ። ያን ጊዜ ሳይጠይቁ ተነሱ።»

በዚህ መሀል ሴትዮዋ ከጓዳ ወጣች። ወፍራለች፤ ወርቅ አድርጋለች። ስታየኝ ቆማ ቀረች፤ ከዚያ እጇን ዘርግታ መጣች።

«ወይኔ! በሕይወት አለሽ?»

«አለሁ።»

«እንዴት አረጀሽ!»

«እንዳንቺው።»

ጉንጬን ሳመችኝና ለልጅቷ «ከሷ ሂሳብ እንዳትቀበይ!» ብላ ጮኸች። እኔ ግን ከፍዬ ነበር፤ በነጻ የበላ ሰው ስለ ዋጋ ሊፈርድ አይችልም።

«ምግቡ ጣመሽ?»

«ድንቹ ጥሩ ነው። ክሩንም አየሁት።»

ፈገግታዋ ደረቀ። ልትዞር ስትል የኔታ ጠሯት። ድጓ ሲያዜሙ የኖሩበት ድምፅ ነውና ሲናገሩ ሌላው ሰው ዝም ይላል።

«ይህን ክር ከማን ነው የተማርሽው?»

«የኔታ… ያለፈ ነገር ምን ያደርጋል?»

«ያለፈውን አልጠየቅሁሽም። ክሩን ነው የጠየቅሁሽ።»

«ከሷ» አለች፣ መሬት እያየች።

«ጆሮዬ ደክሟል። ከፍ አድርጊው።»

«ከሷ ነው አልኩ!»

በሩ ላይ የቆሙት ሾፌሮች ዞሩ። ከነሱ አንዱ ሸበቶ ነበር፤ በኔ ቤት የበላ ይመስለኛል። አስተናጋጇ ምንም ሳይገባት ሙዚቃውን ቀነሰች። ሴትዮዋ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች፤ ተመልሳም አልወጣች። የኔታ ከሳህናቸው አንድ ቺፕስ አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡት። «እውነቱን ለቤተ ልሔም ሰው እነግራለሁ» አሉኝ።

«እንደ ፈቃድዎ። እኔ ኑሮዬ እስቴ ነው።»

ቺፕሱን ጨረስኩ። ለልጄ የገባሁትን ቃል ላክብርና ልፍረድ። ድንቹ የጋይንት ነው፣ ደጋ ያበቀለው፤ በመቶ ሠላሳው ብር ሦስት ኪሎ ጥሬ ድንች ይገዛል፣ ሳህኑ ላይ ያለው ግን ከሦስት ድንች አይበልጥም። የቀረው ለዘይቱና ለወንበሩ ነው። ስለዚህ ቺፕሱ ውድ ነው፤ ሌብነት ግን አይደለም። እርጥቡንም አዝዤ ቀመስኩት። ሰባ ብሩን ያወጣል፤ በእግሩ ለሚሄድ ሰው እስከ ማታ ይይዛል። ንፋስ መውጫ ላይ በርገር አልገዛሁም፣ ጾም ነበርና። የወገዳው ይበቃኛል።

ቅዳሜ፣ ወደ ቤት

ስመለስ በደብረ ታቦር በኩል ዞርኩ፤ አስፋልቱ ለወገቤ ይሻላል። ጉና ጭጋጉን ለብሶ በግራችን ቀረ። ደብረ ታቦር ላይ መኪና ስቀይር ቁርሴን ያደረግሁት የአርብ ገበያውን ንፍሮ ነው። በርዶ ነበር፤ እውነትም አላለቀሰም።

እስቴ ስገባ ትርንጎ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«እሺ እማዬ? ያዋጣል?»

«በርገሩ አያዋጣም። ለሥጋው የሚከፈለው ሥጋው ላይ አይታይም፤ ጾም ሲገባ ደግሞ ትዘጊያለሽ። እርጥብና ቺፕስ ዓመቱን ሙሉ ይሸጣል። ወንበር ደህና ግዢ፤ ሰው የሚከፍለው ለሱም ነው። ልብስ ሰፊውን ሁለት ወር ታገሺው።»

«ክፍሏን ሰጠሽኝ ማለት ነው?»

«ሁለት መጥበሻ ከገዛሽ።»

በማግስቱ ገዝታ መጣች። ሳጥኔን ከፍቼ አሮጌውን መቀነቴን አወጣሁና ከጥለቱ ቀይ ክር መዘዝኩ። የአንዱን እጀታ ሦስት ዙር ጠምጥሜ ጫፉን ወደ ውስጥ ሸጎጥኩት። ትርንጎ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ለጾም ነው አልኳት።

«ደንበኛ ሲጠይቀኝ ምን ልበል?»

«መጥበሻውን አውጥተሽ አሳዪ።»

«የማን ዘዴ ነው ቢሉኝስ?»

«የእናቴ ነው በይ። ከፍ አድርገሽ።»