የስድስተኛው ቀን ሥዕል

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ በወንድሜ ላይ ቂም መያዜን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን ዘልዬው አልፋለሁ። «ሌላስ አለ ልጄ?» ይሉኛል። «የለም አባቴ» እላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «የለም» ስል ኖሬያለሁ። ለማታውቁኝ ለእናንተ ልንገራችሁ፤ እኔ ሌባ ነኝ። የሰረቅሁት የሰው ሥራ ነው። ሰርቄም አልቀረሁ፣ ባለቤቲቱን ሌባ አስብያታለሁ።

ያን ጊዜ ሞጣ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። የሥራው ባለቤት ይታይሽ ቢቸና ታስተምራለች። የተዋወቅነው ስሙን በማልጠቅሰው ዩኒቨርሲቲ፣ በክረምት የማስተርስ ትምህርት ላይ ነው። ቁጥብ ሴት ነበረች። የመመረቂያ ጥናቷን ርዕስ ያገኘችው ከአንዲት ተማሪዋ ነው። ልጅቷ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ዶሮ ጆሮ የላትም፤ በምንድን ነው የምትሰማው?» ብላ ጠየቀቻት። እኔ ብሆን ስቄ አልፋት ነበር። ይታይሽ ጥያቄውን ይዛ ቤቷ ገባች።

ዶሮ ከላባዋ ሥር ጆሮ እንዳላት ታውቃለች። ሐሳብ የሆነባት ከጆሮው ወዲያ ያለው ነው፤ ድምፅን የሚቀበለው የአንጎል ክፍል። ጫጩቷ ገና እንቁላል ውስጥ ሳለች ያ ክፍል መቼ ይበቅላል? ከየትኛው የአንጎል እጥፋት ይነሳል? የዶሮው፣ የእንቁራሪቱና የሰው መስሚያ ከአንድ ጥንታዊ ወላጅ የተወረሰ ነው ወይስ እያንዳንዱ በየፊናው ያበቀለው? «ሥራቸው ስለተመሳሰለ ብቻ መነሻቸው አንድ ነው ማለት አንችልም» ትለኝ ነበር። «ከፅንሱ ጀምሮ አስተዳደጋቸውን ማየት አለብን።»

እኔ ርዕስም ሐሳብም አልነበረኝም። አማካሪያችን አንድ ስለነበሩ «አብራችሁ ሥሩ፤ እሷ ዶሮውን፣ አንተ እንቁራሪቱን» አሉን። ሞጣ አጠገብ ወዳለ ወንዝ ሁለት ጊዜ ወረድሁ። የሰበሰብሁት የእንቁራሪት እንቁላል ተበላሸብኝና ተውሁት። እሷ በቢቸና ኪራይ ቤቷ በአምፖል የሚሞቅ ሣጥን ሠራች። ከትምህርት ቤቷ ማይክሮስኮፕ ፈርማ ወሰደች። እንቁላሎቹን በየቀኑ አንድ አንድ እየከፈተች ያየችውን በእርሳስ ትስላለች። መጀመሪያ የጆሮው ቦታ በፅንሱ ራስ ጎን እንደ ትንሽ ጎድጓዳ ይታያል፤ ከዚያ ተዘግቶ እንደ ፊኛ ይሆናል፤ ከአጠገቡ የኋለኛው አንጎል እጥፋት በእጥፋት ይከፋፈላል። ይህን ሁሉ እኔ ያወቅሁት ከእሷ ሥዕል ነው።

አንድ ቅዳሜ በሚኒባስ ቢቸና ሄድሁ። ሥዕሎቹ ያሉበትን ደብተሯን ሰጠችኝ። «የእንቁራሪቱን እስክትጨርስ ለማነጻጸሪያ ይሁንህ» አለችኝ። እንቁራሪቱን መተዌን አልነገርኋትም ነበርና አመነችኝ። እኔ ደብተሩን ገጽ በገጽ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። በሳምንቱ አመስግኜ መለስሁላት።

አማካሪያችን ለትምህርት ውጭ አገር ሄዱና በቦታቸው ማናችንንም የማያውቅ ሰው ተተካ። ርዕሴን ወደ ዶሮ ለወጥሁ። ሥዕሎቿን የጓደኛዬ ልጅ አስመስላ ቀዳችልኝ። ይታይሽ ከማስገባቷ ሦስት ሳምንት አስቀድሜ ጥናቴን አስገባሁ። «ጥናቴን» አልሁ? እዩ፣ ዛሬም ምላሴ አልታረመም።

ሁለቱ ጽሑፎች አንድ መሆናቸው ሲታወቅ ኮሚቴ ፊት ቀረብን። ሰብሳቢው ሽማግሌ ሰው ነበሩ። «ማን ነው ከማን የቀዳው?» አሉ።

«እንቁላሉን ቢቸና ሆና የምትጠብቅልኝ እሷ ነበረች» አልሁ። «ደብተሬም እሷ ዘንድ ነበር።»

ይህን ስናገር ጫማዬን ነበር የማየው። ይታይሽ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ተነስታ ቆመችና «ሁለት ወረቀትና ሁለት እርሳስ ስጡን» አለች። «የፅንሱን አንጎል እዚሁ እፊታችሁ እንሳለው። ሌላ ምስክር አልፈልግም።»

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረው «እርስዎስ ምን ይላሉ?» አሉኝ።

እኔ ቀጥ ያለ መስመር እንኳ ማስመር አልችልም። እርሳሱ ቢሰጠኝ ያበቃልኛል። ከዚያ፣ ከየት እንዳመጣሁት ሳላውቅ፣ ቆጣ ብዬ «እዚህ የመጣሁት እንደ ሕፃን ሥዕል ልፈተን አይደለም፤ እባካችሁ ክብሬን ጠብቁልኝ» አልሁ። ክብሬን! የትኛውን ክብር? ሰዎቹ ግን በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወረቀቱም እርሳሱም አልመጣም። ቀድሞ ያስገባው እኔ ነበርሁ፤ ወንድ ነበርሁ፤ ከራባት አስሬ ነበር። እሷ ከትምህርቱ ተባረረች። እኔ ተመረቅሁ።

በዚያ ዲግሪ የመምህራን ኮሌጅ በአስተማሪነት ተቀጠርሁ። ከሥዕሎቿ መካከል የስድስተኛውን ቀን ፅንስ ሥዕል በማስተማሪያ ጽሑፌ ላይ አተምሁት። በየዓመቱ አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ማን ነው የሳለው?» ይለኛል። «እኔ ነኝ» እላለሁ። አንድ ጊዜ ነው የበደልሁት ብል ውሸት ነው፤ በየዓመቱ እበድላለሁ።

ካቻምና የልምምድ መምህራንን ልገመግም ወደ የጁቤ ከተማ ሄድሁ። አንዲት የኮሌጃችን ተለማማጅ በተመደበችበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ይታይሽ ተቀምጣለች። ስሟ በቢቸና ስለጎደፈ ለቃ እዚህ ሦስተኛ ክፍል ታስተምራለች። ተለማማጇ ያሳየቻት የእኔ ጽሑፍ እፊቷ ተዘርግቷል። ትጮህብኛለች፣ ታዋርደኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እውነቱን ልናገር፣ ብታዋርደኝ ደስ ባለኝ።

ተለማማጇ እስክትወጣ ጠበቀችና ጣቷን ሥዕሉ ላይ አሳረፈች። «ይህ ስህተት ነው» አለችኝ። «ያን ቀን መብራት ጠፍቶ እንቁላሉ ቀዝቅዞብኝ ነበር። ቀኑ ስድስተኛ ይሁን እንጂ ዕድገቱ የአምስተኛ ነው። ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ተማሪዎቹን አታሳስታቸው፣ አርመው።»

«ይታይሽ፣ እኔ...» አልሁ።

«አርመው ነው ያልሁህ» አለች። ጠመኔዋን ይዛ ወደ ክፍሏ ሄደች።

አላረምሁትም። ለማረም የምትበቃው አንዲት ቁጥር ናት። ግን ባልደረቦቼ «በምን አወቅህ?» ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? መብራት የጠፋው ቢቸና ነው፤ እኔ የነበርሁት ሞጣ። እሷ ሥራዋን ተነጥቃ እንኳ ለእውነቱ ተቆረቆረች። እኔ ስህተት መሆኑን እያወቅሁ ዘንድሮም አስተማርሁት። ዘንድሮም ተጠየቅሁ። ዘንድሮም «እኔ ነኝ» አልሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። ወጣት ነበርሁ፣ ተቸግሬ ነበር አልልም፤ እሷም ወጣት ነበረች፣ እሷም ተቸግራ ነበር። ከዚህ ጽሑፍ ሥር ስሜን ብትፈልጉ አታገኙትም፤ ነገ ጠዋት ክፍል አለኝ። የእሷም ስም ይታይሽ አይደለም። እኔ እንዳልታወቅ ብዬ ቀየርሁት። እንደገና፣ በገዛ እጄ፣ ስሟን ከሥራዋ ላይ ፋቅሁት።