ልናገረው የፈራሁት ሞት

ቅዱሳን፣ ጌታ ይባረክ! ያደረገልኝን ሳልናገር መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው የቆምኩት።

ባለቤቴን ተስፋዬን ብዙዎቻችሁ ታውቁት ነበር። ማንኪራ፣ እናቱ መንደር፣ ቀፎ ሊያወርድ ዛፍ ላይ ወጥቶ ወደቀ። እኔ ከሥር ቆሜ ነበር። አይቼዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ስለ አወዳደቁ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። በሕይወት እንዳለ ሁሉ ራቱን አቀርብለታለሁ። ልብሱን አጥቤ አሰጣለሁ። እንጨት ሲሰበር በሰማሁ ቁጥር ብርክ ይይዘኛል። ቦንጋ ገበያ ያለውን ሱቄን ዘጋሁ፤ ማንኪራ ያሉትን አማቴን መጠየቅም ተውኩ።

ጸለያችሁልኝ፣ ተባረኩ። እኔ ግን "እምነት የላትም" እንዳትሉኝ ፈርቼ፣ "ደህና ነኝ፣ ሃሌ ሉያ" እያልኩ አልፋችሁ ነበር።

እህቴ አስቴር ክንዴን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችኝ። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ገና ወጣት ናት።

"አብጃለሁ?" አልኳት።

"አላበዱም፣ እትዬ። ሐዘኑ ውስጥዎ ታፍኖ ነው። የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀስ ብለው ይነግሩኛል።"

ብድግ አልኩ። "አልችልም! ከተናገርኩትማ ይሞትብኛል!"

አልሳቀችብኝም። "እንግዲያው ዛሬ አይንገሩኝ" አለች። "ሲመጡ ግን እዚሁ ነኝ።"

ወገኖቼ፣ ስንቴ ከበሩ ተመለስኩ! አንድ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ፣ "ጌታ ሆይ፣ ብቻዬን አልገባም፤ አብረኸኝ ግባ" አልኩት። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። እግሬ ግን ተነሣ። ክብር ለስሙ ይሁን! ነገርኳት። ቅርንጫፉ ሲገነጠል፣ "አዜብ!" ብሎ ሲጣራ፣ ሁሉንም ነገርኳት። በሄድኩ ቁጥር ደግሜ ነገርኳት። እያደር መንዘፍዘፉ ቀነሰልኝ።

ቀጥላ "አሁን ማንኪራ ይሂዱ" አለችኝ። ዛፉ ከሩቅ ሲታየኝ ፊቴን አዞርኩ። "ልመለስ" አልኩ። ለምኛቸው ከቤታቸው አብረውኝ የመጡት አማቴ እጄን ጨበጥ አደረጉና፣ "ልጄ፣ እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ እዚህ ደርሼ አላውቅም። ፈርቼ" አሉኝ። የወለዱት እናት እኮ ናቸው! ሁለታችንም ሥሩ ተቀመጥን። "እማማ፣ ተስፋዬ ሞተ" አልኳቸው። ሆስፒታልም "ወደቀ" እንጂ "ሞተ" ብዬ አላውቅም፤ ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ተቃቅፈን አለቀስን።

ዛሬ ሱቄ ተከፍቷል፣ ጌታ ይመስገን! ፍርሃቱ አንዳንዴ ይመጣል፤ መጥቶም ይሄዳል። ከእናንተ መካከል ፈገግ እያለ ውስጡ የሚርድ ካለ፣ ጌታን ይመነው። ሐኪምንም የሚሰጥ እሱ ነው። መሄድ የፈራ ካለ ከጉባኤው በኋላ ይጥራኝ። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ አብረን እንሄዳለን።