«ምንም የለብዎትም» ያልኳቸው ሽማግሌ

የያዙኝ ራጅ ክፍል ውስጥ ነው። ከባዱን የጨረር መከላከያ ሽርጥ አልፈታሁም ነበር። አንዲት ሴት ደረቷን ልትነሳ ቆማለች። ትንፋሽሽን ያዢ ብያት ቁልፉን ልጫን ስል በሩ ተከፈተና ሁለት መሣሪያ የያዙ ሰዎች ገቡ። ቀዩ መብራት ሲበራ መግባት ክልክል መሆኑን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። አንደኛው ግን ሽርጡ ጥይት የማያስገባ ልብስ መስሎት አፈሙዙን ወደ ደረቴ አዞረ። ሴትዮዋ ትንፋሿን እንደያዘች ቀረች። «ተንፍሺ» አልኳት። ይዘውኝ ወጡ።

ጥፋቴ አጭር ነበር። ክንዱ ላይ ጥይት የቀረበት ሰው ራጅ አንስተህ ለማንም አላመለከትክም አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አላመለከትኩም። የምሠራበት ደብረ ታቦር ያለ አንድ አነስተኛ የግል ክሊኒክ ነው፤ ሰው ሲመጣ የት እንደሚያመው እንጂ የማን ወገን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

ያስገቡን ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። እህሉን አውጥተው ሰው ቢያስገቡበትም የነቀዝ መድኃኒቱ ሽታ አልወጣም፤ ጉሮሮ ይከረክራል። ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ በበሩ ሥር ይገባል። አርባ የምንሆን ሰዎች ነበርን። ነጭ ጋዎኔን እንደለበስኩ ስገባ ማንም ተጠጋና ቁጭ በል አላለኝም። ጆሮ ጠቢ መስዬአቸዋለሁ። ባልፈርድባቸውም ያን ቀን በጣም ጠላኋቸው።

በሩ አጠገብ፣ ብርዱ በሚገባበት በኩል የተቀመጡ ሽማግሌ ትክ ብለው አዩኝ። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል። ቆይተው አንድ እጃቸውን አወጡና ወደ እኔ ጠቆሙ። ጠቆሙ ልበል እንጂ ጣታቸው የሚያሳየው ሌላ አቅጣጫ ነበር፤ አራቱም ጣቶች ወደ ትንሿ ጣት ጎን ተጣመዋል፣ አንጓዎቹም አብጠዋል።

«ይኸ ነው» አሉ። «ምንም የለብህም ብሎ የሰደደኝ ይኸ ነው።»

አላስታወስኳቸውም። ፊት ብረሳ እንኳ ያነሳሁትን አጥንት አልረሳም እያልኩ ለጓደኞቼ ጉራ እነዛ ነበር። የሳቸውን ግን ጨርሼ ረስቼዋለሁ። እሳቸው ቀኑ የገበያ ቀን እንደነበር፣ በራፉ ላይ ቆሜ ፊልሙን ወደ ብርሃን አንስቼ እንዳየሁ፣ ሐኪሙ ዘንድ ሳይደርሱ እየሳቅኩ «አጥንትዎ የጎረምሳ ነው፣ ምንም የለብዎትም» እንዳልኳቸው ለሁሉም ተናገሩ። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ሐኪሙን ሳያዩ አገራቸው ገቡ። ሲናገሩ ራሴን አወቅኩት። እንዲህ የምለው እኔ ነኝ። የራጅ ባለሙያ ሥራው ማንሳት ነው፤ የፊልሙን ውጤት መንገር የሐኪሙ ነው። እኔ ግን የሰው ፊት ሲበራ ማየት ደስ ስለሚለኝ እቸኩል ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን የነገረኝ ጎረቤታቸው ነው። በጋፋት በኩል ያለ የአንድ ሰፈር ሰዎች ናቸው፤ አብረው ተይዘው አብረው ገብተዋል። አጠር ያለ፣ ትከሻው ሰፊ፣ አፉ የማያርፍ ገበሬ ነው። የሰፈራቸው የወንፈል አለቃ እሱ ነበር። ወንፈል ማለት ዛሬ ያንተን እርሻ፣ ነገ የእኔን እየተባባሉ በተራ የሚረዳዱበት ነው። ሰው መጥቶ ካልሠራልህ አንተም አትሄድለትም፤ የታመመ ግን ይታለፋል፣ እርሻው ይሠራለታል። ሽማግሌው ማጭድ መጨበጥ አቃተኝ ሲሉ የወንፈሉ ሰዎች ታምመው ይሆናል ብለው ጠበቋቸው። ከክሊኒኩ ሲመለሱ ምን አሉዎት ብለው ጠየቋቸው። ሌላ ሰው ቢሆን የሆነ በሽታ ጠርቶ ያልፍ ነበር። እሳቸው ግን መዋሸት አያውቁበትምና የነገርኳቸውን ቃል በቃል ነገሯቸው። ከዚያ በኋላ ከወንፈሉ አወጧቸው። ለሕመማቸው ወንዛዬ ፍል ውኃ ሲመላለሱ «ሊንደላቀቅ ሄደ» ተባለ። ጤፋቸው ዝናብ መጥቶ ሜዳ ላይ ተኛ። ይህ ሁሉ ሲወራ ሽማግሌው ከአጠገባችን ናቸው፤ ጎረቤታቸው ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም።

«የጤነኛ ሰው ስንፍና ያናድዳል» አለኝ። «አንተው አይደለህ ጤነኛ ናቸው ያልክ?»

ጠዋት ጠዋት ቆጠራ ነበር። ቁጢጥ ብሎ፣ ጣትን አቆላልፎ ማጅራት ላይ ማድረግ ነው ደንቡ። ሽማግሌው ጉልበታቸው አይታጠፍም፣ ጣታቸውም አይቆላለፍም። እንዲህ ያለ የመገጣጠሚያ በሽታ ጠዋት ላይ ይብሳል፤ ሰውነቱ እስኪላቀቅ ረፋድ ይሆናል። ጠባቂው ይህን አያውቅም፤ ቢያውቅም ግድ የሚሰጠው አይመስለኝም። ቆመው ስለቀሩ በዱላው ጫፍ የእጃቸውን አንጓ መታው። ሲመታው የወጣው ድምፅ ትንሽ ነበር። የሽማግሌው ፊት አመድ መሰለ።

«ታመው ነው» አልኩ።

«ማን ጠየቀህ?» አለኝ ጠባቂው። ጎረቤታቸው ቁጢጥ እንዳለ ከት ብሎ ሳቀና «ያኔ ጤነኛ፣ ዛሬ በሽተኛ» አለ። ሌሎቹም ሳቁ። በዚያ መጋዘን የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቅ ይኸው ነበር።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው ጠራኝ። ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ጫማው የተወለወለ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ በነጠላ የተጠቀለሉ ሁለት የራጅ ፊልሞች ነበሩ። በእኛ አገር ሰው ፊልሙን አይጥልም፤ እንደ ርስት ወረቀት ጠቅልሎ ቤቱ ያኖረዋል። የሽማግሌውን ቤት ሲፈትሹ ከጣሪያው ማገር ላይ ነው ያገኟቸው። ተደብቆ ነው የተገኘው አለኝ መርማሪው።

አንዱን በመስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየው። ገልብጦ ይዞታል። ሳላስበው ከእጁ ወስጄ አቃናሁት። ይህን አልወደደውም።

የመጀመሪያው እኔ ከሦስት ዓመት በፊት ያነሳሁት ነው። አጥንቶቹ ንጹሕ ናቸው። ሁለተኛው ባሕር ዳር የተነሳ የቅርብ ጊዜ ፊልም ነው። ሁለቱም እጆች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ የአንጓዎቹ ጠርዝ ተቦርቡሯል፣ በአጥንትና በአጥንት መካከል ሊኖር የሚገባው ክፍተት ጠፍቷል፣ ጣቶቹ ከቦታቸው ተንሸራተዋል። ይህ ሁሉ የሆነው እኔ «ምንም የለብዎትም» ካልኩ በኋላ ነው።

መርማሪው ሞኝ አልነበረም። ሽማግሌው ሲመረመሩ ነግረውት ኖሮ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ጤነኛ ናቸው ብለህ ነበር አይደል አለኝ። አዎ አልኩ። ጤነኛ እጅ በሦስት ዓመት እንዲህ የሚቦረቦረው ፈንጂ ሲሠሩ ቢፈነዳባቸው ነው አለና ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋልኝ። ይህንኑ ጽፈህ ፈርም፣ ሽማግሌው ነገ ከሚከሰሱት ጋር ይሄዳሉ፣ አንተ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ አለኝ።

ፈለግኩ። አልዋሽም፤ እስክሪብቶውን ያነሳሁት መግባት ፈልጌ ነው። ቤቴ ከዚያ ግማሽ ሰዓት መንገድ አይሆንም። ልጄ ከትምህርት ቤት የምትመለስበት ሰዓት ደርሷል። ሽማግሌውን ደግሞ አልወደድኳቸውም፤ ሦስት ቀን ሙሉ በሰው ፊት ሲያዋርዱኝ ከርመዋል።

ከዚያ ፊልሙን እንደገና አየሁት። ፈንጂ ብረት ይተዋል፤ ብረት ደግሞ በራጅ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። እዚህ አንዲት ነጭ ነጥብ የለችም። ፈንጂ ሁለቱን እጅ በእኩል፣ አንዱን አንጓ ከሌላው ጋር እያመሳሰለ አይጎዳም። ይህን ነገርኩት።

«ታዲያ ያኔ ለምን ጤነኛ አልካቸው?» አለኝ። «የሚያስከስሳቸው የራስህ ቃል እኮ ነው።»

ሌላ መንገድ አልነበረም። ይህ የመገጣጠሚያ ብግነት በሽታ ነው፤ የመጀመሪያው ፊልም ሲነሳም በሽታው ነበረባቸው፤ ምንም የለብዎትም ያልኩት ተሳስቼ፣ የማይመለከተኝን ሥራ ሠርቼ ነው ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። አነበበው። ይህ ወረቀት ጤና ቢሮ ከደረሰ የሥራ ፈቃድህን ተሰናበተው አለኝ። ከዚያ ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ ከተተ።

«ቤትህንም እርሳው» አለኝ።

መጋዘኑ ስመለስ ሽማግሌው አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ። የጻፍኩትን ነገርኳቸው። ምስጋና ጠብቄ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

«ለማን ጻፍክ?» አሉኝ።

«ለመርማሪው።»

«እሱ ነው ወንፈል የሚገባልኝ?» ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው በአገጫቸው ጎረቤታቸውን አሳዩኝ። «በአፍህ ያልከውን በአፍህ መልሰው። ያውልህ።»

ገና ቀን ነው፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ ፀሐይ ይገባል። ተነስቼ ቆምኩ። አርባ ሰው በሚጠላኝ ክፍል ውስጥ ቆሞ መናገር ከመርማሪው ፊት ከመፈረም ይከብድ ነበር። እኚህ አባት ከሦስት ዓመት በፊትም ታመው ነበር፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ።

ጎረቤታቸው በነገሩ አልረካም። ራጅ ይዋሻል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

«ራጅ አጥንት ነው የሚያየው» አልኩት። «በሽታው የሚጀምረው አጥንቱ ላይ አይደለም፤ መገጣጠሚያውን የሚሸፍን ስስ ነገር አለ፣ መጀመሪያ የሚያብጠው እሱ ነው። አጥንቱን የሚበላው ቆይቶ ነው። ራጁ ያላየውን እኔ የለም አልኩ።»

«ያኔ ማጭድ መጨበጥ አይችሉም ነበር እያልክ ነው?»

«አይችሉም ነበር።»

ጎረቤታቸው የገዛ መዳፉን ገልብጦ አየ። ለማንም ሳይሆን፣ «ሦስት መኸር» አለ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። እኔን አላዩኝም፤ እሱንም አላዩትም።

በማግስቱ ጠዋት ለቆጠራ ወጣን። ሁላችን ቁጢጥ አልን፣ ሽማግሌው ቆሙ። ጠባቂው ዱላውን ይዞ መጣ። ጎረቤታቸው ብድግ አለና በመካከላቸው ቆመ። እጁን ማጅራቱ ላይ እንዳቆላለፈ ነው።

«አይችሉም» አለ።

ጠባቂው ሁለት ጊዜ ትከሻውን መታው። አልተቀመጠም። ጠባቂው ሦስተኛውን ሊደግም እጁን አነሳና ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ተወው። እየቆጠረ አለፈ።

ሽማግሌውን ከሚከሰሱት ጋር አልወሰዷቸውም። ከሳምንት በኋላ ከነፊልማቸው ለቀቋቸው፤ የጻፍኩት ይሁን፣ ተጣሞ የቀረ እጅ ለማንም ስለማይጠቅም ይሁን አላውቅም። ሲወጡ ለጎረቤታቸው «የሰማኸውን አገር ስትገባ ንገር» አሉት። ለእኔ ምንም አላሉም። እሱ ከወር በኋላ ተፈታ። እኔ አራት ወር ቆየሁ። ወረቀቱ የት እንደገባ እስካሁን አላውቅም፤ ሥራዬን አላጣሁም።

አሁን በራፉ ላይ ቆሜ ፊልም ወደ ብርሃን አላነሳም። ምን አየህ ሲሉኝ ሐኪሙ ይነግርዎታል እላለሁ። ኩሩ ሆነሃል የሚሉኝ አሉ። ፊልሙ ንጹሕ ሆኖ እጁን የሚያመው ሰው ሲመጣ ደግሞ ሐኪሙን በአልትራሳውንድ እንዲያየው እነዘንዘዋለሁ። ያ የእርጉዞች መሣሪያ ነው ብሎ መጀመሪያ ስቆብኝ ነበር። አሁን የአንጓውን እብጠት ስክሪኑ ላይ ሲያገኝ እኔን ጠርቶ ያሳየኛል።

ባለፈው የአጨዳ ወራት፣ ሥራ በሚበዛበት ሰሞን፣ ያ ጎረቤታቸው በራፌ ላይ ቆመ። ገላባው ከልብሱ አልረገፈም። ከኋላው ሽማግሌው አሉ። ሰላም ተባባልንና በዚህ አጨዳ እንዴት መጣችሁ ብዬ ጠየቅኩት። ወንፈል ነው አለኝ፤ ዛሬ የእሳቸው ተራ ነው፣ ጤፋቸውን ትናንት አጭደን ጨረስን፣ ለዛሬ ያዘዙን ሐኪም ቤት አድርሱኝ ብለው ነው። የተቀሩት ሰዎች መንገድ ላይ ቆመው እየጠበቋቸው ነበር።

ሽማግሌው የሐኪሙን ወረቀት በሁለት መዳፋቸው መካከል ይዘዋል፤ እጃቸውን ለመነሳት ነው የመጡት። ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ። አልሰጡኝም።

«ሌላ ሰው የለም?» አሉኝ።

«አለ» አልኩ።

ባልደረባዬን ከሻይ ቤት ጠራሁት። እሱ እስኪመጣ ድረስ እሳቸው ውጭ ቆሙ፣ እኔ ውስጥ ቆምኩ። ሲገቡ ወጣሁላቸው። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ አሞኛል። እጁ ግን የእሳቸው ነው፤ ማን እንዲያየው የሚመርጡትም እሳቸው ናቸው።