የእትዬ ጭብጨባ

የዘፈኖቻችን ሲዲ ቤቴ ውስጥ ቁምሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። ሽፋኑ ላይ በትልቁ «እንደ ወረደ» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ «የጥንትና የታወቁ ዘፈኖች ስብስብ፣ ያለ ምንም ማሽን» ይላል። እንዲህ ያለ ዓይን ያወጣ ውሸት በወርቃማ ቀለም ተጽፎ አይቼ አላውቅም።

የማወራችሁ ስለ እህቴ ነው። ታላቄ ናት፣ እትዬ እላታለሁ፤ እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝም እሷው ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሠርታለች። ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈውን አንሶላ፣ ደሙንም ትውከቱንም፣ ተቀብላ ነጭ አድርጋ ትመልሳለች። በረኪናው መዳፏን በልቶት ቆዳዋ እንደ ጫማ ሶል ደርቋል። የሚጨብጣት ሰው ደንገጥ ሲል ስለምታይ እጇን ቶሎ ትሰበስባለች። እነዚያ እጆች ሲያጨበጭቡ ግን ወፍራም፣ ዝቅ ያለ፣ ሆድ ድረስ የሚገባ ድምፅ አላቸው።

ቡድናችን ሦስት ሰው ነው። መምህሩ ቀን ቀን ሒሳብ ያስተምራል፤ ከእኛ ጋር ጊታር ይመታል፣ ይዘፍናል። እኔ በርና መስኮት የምበይድ ሰው ነኝ፤ ዋሽንት እነፋለሁ። እትዬ ታጨበጭባለች፣ ትቀበላለች። ሰዎች «ከበሯችሁስ?» ሲሉን መምህሩ በአገጩ እሷን ያሳያቸው ነበር። ያኔ ጥሩ ሰው ነበር።

ከምንጫወታቸው ዘፈኖች አንዱን የወረስነው ከእማዬ ነው። አባታችን ሥራ ፍለጋ ሄዶ የቀረ ሰው ነው። እማዬ ሲመሻሽ እያጨበጨበች ትዘፍንልን ነበር፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ እጆቿን ገልጣ ዝም ትላለች፣ አንድ ትንፋሽ ያህል፣ ከዚያ ትቀጥላለች። እኔ የዘፈኑ ሥሪት ይመስለኝ ነበር። ካደግኩ በኋላ ነው እትዬ የነገረችኝ። አንድ ቀን እማዬ እዚያች ቦታ ላይ ስትደርስ ደጅ ላይ ኮቴ የሰማች መሰላት፤ አቁማ አዳመጠች። እሱ አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን እዚያች ቦታ ላይ ሳታቆምና ሳታዳምጥ አልፋ አታውቅም። እትዬም እንደዚያው ታደርጋለች። እማዬ ትታልን የሄደችው ሌላ ነገር የለም።

ዘፈኖቻችንን የቀዳልን ሰውዬ ባለማሽኑ ይባላል። ክፍሉ ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን የተለበደ፣ ምንጣፉ ያልታጠበ ካልሲ የሚሸት ጉድጓድ ነው። ሱፍ ፍሬ እየቆረጠመ ገለባውን ሻይ በጠጣበት ብርጭቆ ውስጥ ይተፋል። ተራ በተራ፣ ለየብቻ ማይክሮፎኑ ፊት አቆመን። እትዬ ተራዋ ደርሶ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳታጨበጭብ «በቃ፣ አንቺ ጨርሰሻል» አላት። ልጇ ይሆናል እኮ በዕድሜ።

«አንዱን ዘፈን እንኳ መች ጨረስኩ?» አለችው።

«አንዷን ጭብጨባ ቆርጬ አሥራ አንዱም ዘፈን ላይ እደረድራታለሁ። ለምን ትለፊያለሽ?»

እትዬ ትንሽ አሰበች። «እንዳልክ አድርግ። የእናቴ ዘፈን ላይ ግን ሦስተኛው ስንኝ ጋ አንድ ትንፋሽ ዝም ይበል። ሌላ ምንም አልለምንህም፣ ልጄ።»

«ችግር የለውም» አለ፣ ስልኩን እየነካካ።

ሲዲው ሲደርሰን እሷ ቤት ተቀምጠን ሰማነው። ጭብጨባው የእትዬ ነው፣ አይካድም። ግን አንዷ ጭብጨባ ናት፤ አትፈጥን፣ አትደክም፣ የውሃ ቧንቧ እንደሚንጠባጠብ ጠብ ጠብ ትላለች። የእማዬ ዘፈን ደረሰ። ሦስተኛው ስንኝ መጣ። ጠብ ጠብ እያለ አለፈው። እትዬ ጉልበቷ ላይ ያስቀመጠችውን የሥራ ልብስ ማጠፍ ጀመረች፤ አጥፋ ስትጨርስ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው።

ባለማሽኑ ጋ ደወልኩ። «ባዶ ቦታ ነበረው» አለኝ። «ሰው ሲዲው የተበላሸ ይመስለዋል። ስለዚህ ሞላሁት።»

ሞላሁት አለ፣ ውለታ እንደዋለልን። ለመምህሩ ስነግረው ደግሞ «ተው እባክህ፣ ማን ያስተውለዋል?» አለኝ። የሲዲውን የምርቃት አዳራሽ ይዞ፣ የጥሪ ወረቀቱን በትኖ ጨርሶ ነበር።

ምርቃቱ እሑድ ከሰዓት ነው። የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ሴቶች ያላቸውን ለብሰው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተደርድረዋል፤ አንዷማ ፀጉሯን ለዚሁ ብላ ተሠርታለች። ከመድረኩ ጀርባ ባለማሽኑ መጣና ሲዲው ራሱ እንደሚጫወት፣ እኛ እንድናስመስል ነገረን።

«አንተ ዋሽንቱን አፍህ ላይ አድርግ፣ ግን እንዳትነፋ። አንቺ ደግሞ እጅሽን እንዳታገናኚ፤ ድምፁ ይጋጭብኛል።»

«ሳላገናኝ እንዴት ነው የሚጨበጨበው?»

መዳፎቹን አቀራርቦ፣ የጣት ያህል ሲቀራቸው አቁሞ አሳያት። ጣቶቹ ላይ የሱፍ ገለባ ተጣብቆ ነበር።

«ለዛሬ ብቻ፣ እትዬ» አላት መምህሩ። «ስለ እኔ ብለሽ።»

አሥር ዘፈን ሙሉ እንደዚያ አደረገች። እህቴ፣ በሃምሳ ዓመቷ፣ ሰው ፊት አየር ስታጨበጭብ ከጎኗ ቆሜ አየሁ። እኔም ግን ጣቶቼን ቀዳዳዎቹ ላይ እያንቀሳቀስኩ ነበር።

የእማዬ ዘፈን የመጨረሻው ነበር። ሦስተኛው ስንኝ ላይ እትዬ እንደ ልማዷ እጆቿን ገልጣ አቆመች። ጭብጨባው ቀጠለ። ትንፋሿን ጨረሰች፤ ከዚያ እጆቿን ዝቅ አድርጋ በጎንና በጎኗ ለቀቀቻቸው። ዳግም አላነሳቻቸውም። ጭብጨባው ግን ከድምፅ ማጉያው ጠብ ጠብ ማለቱን አላቆመም። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከሁለተኛው ረድፍ ያቺ ፀጉሯን የተሠራችው ሴት «እሷ አይደለችም እኮ» አለች፤ ረድፉ ሁሉ ሰማ።

መምህሩ የማይሰማ ጊታሩን ይበልጥ እየመታ በዓይኑ ይቆጣታል። እሷ እሱን አላየችውም። ዞራ ያየችው እኔን ነው። አልተቆጣችም፤ ትጠብቀኝ ነበር። ዋሽንቱን ከአፌ ማውረድ ብቻ ነበር የሚቀረኝ፤ ያን ያህል ቀላል ነበር።

ጣቶቼን እስከ መጨረሻው አንቀሳቀስኩ። ዘፈኑ ሲያልቅ ሰዉ አጨበጨበ፣ እኔም ከመምህሩ ጋር ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ። ቀና ስል እትዬ ከአጠገቤ አልነበረችም።