የኢታና ስም በካርቱም ቴሌቪዥን ላይ

ከነቀምቴ የወጣን ቀን ጠዋት ግቢያችን ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፤ እኔ፣ ትልቁ ልጄ ኢታና፣ ትንሹ ልጄ ገመቹ፣ ጎረቤቴ አዴ ደርቱ፣ ከፊት ለፊታችን ሱቅ ያላቸው ጋሽ ሸረፋ፣ እና ጋሽ ሸረፋ የለመኑልን የጭነት መኪና ሾፌር። ሌላ ሰው አልነበረም። የልጆቹ አባት ቀደም ብሎ በህመም አርፏል።

የገበያ ቀን የመረጥነው ሰው ዘንቢል አንጠልጥሎ ሲወጣ ማንም ወዴት ነው ስለማይል ነው። በእኔ ዘንቢል ውስጥ ግን በሶ፣ ብርድ ልብስና የገመቹ ሹራብ ነበር፤ ከላይ ለመሸፈኛ ጎመን ጣል አድርጌበታለሁ። ፊቴ ግን እንደ ዘንቢሉ አልሸፈን ብሎኝ እንባዬ ይወርዳል። አዴ ደርቱ ተቆጣችኝ።

«አንቺ ሴት፣ ፊትሽን አስተካክዪ! ገበያ የሚሄድ ሰው እንዲህ ያለቅሳል እንዴ? ከጠየቁሽ በርበሬ ተወደደብኝ በዪ።»

የምንሸሸው ለኢታና ብለን ነው። ብሔራዊ ውትድርና መጥቶ ወጣቱን ከኳስ ሜዳውም ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅም የሚያፍሱበት ጊዜ ነበር። ኢታና ደግሞ ቁመቱ ቶሎ ወጣ። እናት ልጇ ሲረዝምላት ደስ ይላታል፤ እኔ ግን በራችንን ሲያልፍ አንገቱን ዝቅ ባደረገ ቁጥር ከኋላው በሩን ቶሎ እዘጋ ነበር። እንዲያ ያለ ልጅ ይዞ ኬላ ማለፍ አይቻልም። ስለዚህ እሱ በእግሩ ወደ አንገር ጉቲን፣ የመንግሥት እርሻ ላይ ወደሚሠራው ወንድሜ እንዲሄድ፣ እስከ አጨዳ እዚያ ተደብቆ በሌላ መንገድ እንዲከተለን ተስማማን። እኔና ገመቹ አሶሳ ሰፈራ ያለችውን እህቴን ልንጠይቅ ነው እያልን እናልፋለን። አሶሳ እህት የለችኝም።

ኢታና ለወንድሙ መኪናውን ሰጠው። ከዘይት ቆርቆሮ የሠራት የጭነት መኪና ናት። ጎማዎቿ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል የተቆረጡ፣ ጎማዎቿን የሚያያይዘው ብረት ከተሰበረ ጃንጥላ የወጣ። ሲሠራት ቆርቆሮው የግራ አውራ ጣቱን ሰንጥቆት ጠባሳው እስካሁን አለ። ሾፌሮች በመኪናቸው ላይ እንደሚያጽፉት እሱም በሯ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ስሙን ጽፏል። እኔ እንግሊዝኛ አላነብም፤ የዚያን ስም መልክ ግን እንደ ፊቱ አውቀዋለሁ።

«ጎማዋ ቢወልቅ አትንካት፣ ታበላሻታለህ» አለው ገመቹን። «እኔ ስመጣ እሠራታለሁ።» ወደ እኔም ዞሮ «ሀርሜ፣ አትፍሪ» አለኝ። እናቴ ማለቱ ነው። ከዚያ በጓሮ በኩል ወጣ። ስንት ነገር ልነግረው አስቤ የነበረው ሁሉ ጠፋኝና «ውሃ ሳትፈላ እንዳትጠጣ» ብቻ አልኩት።

ከመንዲ አለፍ ብሎ ኬላ ላይ አስወረዱን። አንዱ ፈታሽ መኪናዋን ከገመቹ እጅ ወስዶ ነቀነቃት፤ የሚንኳኳ ነገር ሲያጣ በሯን አነበበ።

«ኢታና ማነው?»

ገመቹ አፉን ሲከፍት እጁን ጨመቅሁት። «የመኪናዋ ስም ነው ልጄ» አልኩ። «የጭነት መኪና ስም የለውም እንዴ?»

«ና እይ!» ብሎ ጓደኛውን ጠራው። «ኢታና የሚባል መኪና ያዝን። እማማ፣ መንጃ ፈቃድ አለሽ?»

«እኔ ረዳት ነኝ።»

ሁለቱም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ የገመቹን እጅ ግን አልለቀቅሁም። ፈታሹ የገመቹን ራስ እየዳበሰ «ሾፌሩ ደህና ልጅ ነው፤ ሲያድግ ታንክ እንሰጠዋለን» አለና ለቀቀን። መኪናው ትንሽ እንደሄደ ሚስማር ፈልጌ ስሙን ከመጫወቻዋ በር ላይ ፋቅሁት። ገመቹ መኪናዋን ከእጄ ነጥቆ አሶሳ እስክንደርስ ጀርባውን ሰጠኝ።

ከአሶሳ ወዲያ በኩርሙክ በኩል ወደ ሱዳን የሚታለፈው በእግር ነው። ጥሙን፣ እሾሁን፣ ከኋላ ኮቴ የሰማችሁ ሲመስላችሁ የሚመጣውን ድንጋጤ የመጣችሁበት ታውቁታላችሁ። አንድ ደረቅ ወንዝ ስንሻገር የመኪናዋ የኋላ ጎማ ወለቀ። ገመቹ አንስቶ ኪሱ ከተተው እንጂ አልጠገነውም።

ካርቱም ሌላ ዓለም ነው። በነቀምቴ በክረምት ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ እዚህ አቧራ በተዘጋ መስኮት ይገባል። ኪስራ የሚሉት እንጀራቸው ስስ ከመሆኑ የተነሳ ወዲያ ማዶ ያሳያል። የአገሬ ሥራ ሥር አንጮቴ አማረኝ ብል ማን ያውቀዋል? የስደተኛ ወረቀት የሚጽፈው ሰውዬ ስንት ልጅ አለሽ ሲለኝ ሁለት አልኩት።

«አንድ ነው የማየው።»

«አንዱ በመንገድ ላይ ነው።»

«እኔ የምጽፈው ወንበር ላይ የተቀመጠውን ነው፤ በመንገድ ላይ ያለውን መንገዱ ይጻፈው» አለና አንድ ብሎ ጻፈ።

ቤት ያከራየችን ሐጃ ኑራ የምትባል ባልቴት ናት፤ ልብሷን ስለማጥብላት ከኪራዩ ትቀንስልኝ ነበር። በአገሯ ልማድ ሴት የምትጠራው በበኩር ልጇ ስም ነው። ስትጠይቀኝ ፈራሁና የትንሹን ነገርኳት፤ «ኡም ገመቹ»፣ የገመቹ እናት፣ ብላ ጠራችኝ። የኢታናን ስም አፌ ላይ አላወጣም ነበር። የአገራችን ኤምባሲ ሰዎች ሰፈር ለሰፈር ይዞራሉ ይባላል፤ እኛ እዚህ መሆናችን ቢታወቅ እሱን ይይዙታል ብዬ።

የሐጃ ልጅ ከጅዳ ሲመጣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም የጨዋታ ዕቃ ይዞ መጣ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ የልጅ መጫወቻ የሆኑ ትንንሽ መኪኖች አሉ፤ ጂፕ፣ የጭነት መኪና፣ ታንክ። የሚነዱት በምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው። እርሳሱ ድልድያቸው፣ ሲኒው ተራራቸው፤ እንደ ብይ ያለ ጥይት ይተኳኮሳሉ። ገመቹ ከትምህርት ሲመጣ እዚያው ነው። ሁልጊዜ የሚመርጠው የጭነት መኪናዋን ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የታጠበ ልብስ ታቅፌ ብገባ፣ ታንክ ያቺን የጭነት መኪና ያባርራታል። ከላይ ደግሞ ያ እኔው ራሴ በሚስማር የፋቅሁት ስም ትልቅ ሆኖ ተጽፏል። ልብሱን መሬት ላይ ጥዬ ሽቦውን ከግድግዳው ነቀልኩት።

«ሀርሜ! ምን ሆንሽ?»

«ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ። ጨዋታው ሳይጀምር የሾፌሩን ስም ይጠይቃል። መኪናዋ የእሱ ናት።»

«አገር ሁሉ አየው! አስበላኸው! ወንድምህን አስበላኸው!»

እንዲህ ያልኩት ወድጄ አይደለም። ነቀምቴ ቴሌቪዥን ያየሁት ቀበሌ አዳራሽ ነው። እዚያ የሚናገረው ሰውዬ በዚያው ሰዓት ጋሽ ሸረፋ ሱቅም ይናገራል፣ አዲስ አበባም ይናገራል። ቴሌቪዥን ላይ የወጣ ነገር ሰው ሁሉ የሚያየው ነው፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው። ሐጃ ጩኸቴን ሰምታ እየሮጠች መጣች።

«ቤቱ ተቃጠለ?»

«ሐጃ፣ ስሙን ሰው ሁሉ አየው!»

«የቱ ሰው?»

«ቴሌቪዥን ያለው ሁሉ! ኤምባሲውም!»

ሐጃ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ገመቹን ሽቦውን መልሶ እንዲሰካና ጨዋታውን እንዲጀምር አዘዘችው፤ እኔን በክንዴ ይዛ ወደ ጎረቤት ቤት ጎተተችኝ። የጎረቤቱ ሽማግሌ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ቴሌቪዥናቸውን ያያሉ።

«ሐጂ፣ ታንክ አለ እዚያ ውስጥ?» አለቻቸው ሐጃ።

«ምን ታንክ? ስንዴ ነው የሚያሳዩት» አሉ ተቆጥተው።

አየሁ፤ እውነትም ስንዴ ነው። ታንክ የለም፣ ስም የለም። እዚያው ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አልኩ። ሐጃ አሁንም እየሳቀች «የማን ስም ነው እንዲህ ያደረገሽ?» አለችኝ።

«የበኩር ልጄ ነው። ኢታና ይባላል።»

ሳቋን አቆመች። አጠገቤ ቁጭ ብላ የራስ ሻሼን አስተካከለችልኝ። «እንግዲያ ኡም ኢታና ነሽ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ የሚጠራኝ እንዲያ ነው። መጀመሪያ ሲጠሩኝ እየደነገጥኩ ዞር ዞር እል ነበር።

ከዚያ በኋላ ገመቹ ሲጫወት አጠገቡ እቀመጣለሁ። ስሙን ሲጽፍ አያለሁ፤ ታንኩ ሲመጣ ግን ዓይኔን እጨፍናለሁ።

«ከሲኒው ኋላ ደብቀው» እለዋለሁ። «አታንቀሳቅሰው፣ እዚያው ዝም ብሎ ይቁም።»

«ቆሞ መዳን የለም ሀርሜ። ጊዜው ካለቀ ያው ይሞታል።»

ይህን ካለኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አንገር ጉቲን ተደበቅ ያልኩት እኔ ነኝና። አጨዳው አለፈ፣ ሌላም አጨዳ አለፈ። ከወንድሜ ዘንድ የመጣው የመጨረሻ ወሬ «ከእኔ ተነስቷል» የሚል ነው፤ ወዴት እንደሆነ አልጨመረም። አንዳንዴ የሐጃን ቴሌቪዥን እያየሁ ምነው እውነት እንደ ፍርሃቴ በሆነ እላለሁ። አገር ሁሉ ቢያይ እሱም የትም ሆኖ ስሙን አይቶ እናቴ እዚህ አለች ባለ ነበር።

አሁን መንግሥት ተለውጧል፣ ስም መጻፍ አያስፈራም ይላሉ። ስለዚህ ስሙን እዚህ ወረቀት ላይ ጻፍሁት፤ እጄ ግን እስካሁን ይፈራል። መኪናዋ መስኮታችን ላይ ናት፣ ጎማዋም አጠገቧ ተቀምጧል፤ ገመቹ ማንንም አያስነካም።

ነቀምቴም፣ አንገር ጉቲንም፣ ጦር ሠፈርም፣ መንገድ ላይም ኢታናን ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ። ረጅም ነው፤ በር ሲያልፍ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፤ በግራ አውራ ጣቱ ላይ የቆርቆሮ ጠባሳ አለው። ያያችሁት ክፉም ቢሆን ንገሩኝ።